በገዛ መኪና ድንበር ስለ መሻገር
ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ለሚጓዝ ነጋዴ የሚያስፈልገው ዝግጅት

ነጋዴ ሸቀጡን ከአገር ወደ አገር ሲያሻግር ዲክላራሲዮን ይሞላል፤ ዋስትና ያስይዛል፤ ቀረጡንና ታክሱን አስቀድሞ ያሰላል። ይህን ሁሉ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ግን በገዛ መኪናው ወደ ጎረቤት አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ ጉዳዩን እንደ ሽርሽር ቈጥሮ፣ ፓስፖርቱን ብቻ በኪሱ ይዞ ሊነሣ ይችላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መኪና በባለቤቱ ዓይን መጓጓዣ ቢሆንም በጉምሩክ ዓይን ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ነው። ስለዚህ በገዛ መኪናው ድንበር የሚሻገር ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከአንደኛው አገር በጊዜያዊነት ላኪ፣ ወደ ሁለተኛው አገር ደግሞ በጊዜያዊነት አስመጪ ይሆናል። የጕዞው ዝግጅት በሙሉ ይህን አንድ ነገር ከማወቅ ይመነጫል።

ለምሳሌ ያህል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ የሚደርሰውን መንገድ እንመልከት። ይህ መንገድ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የታቀደው አህጉራዊ አውራ ጎዳና አንዱ ክፍል ነው። ቀድሞ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው የኬንያ ምድር በድንጋያማ ኰረኰንችነቱ የታወቀ ስለ ነበር ትንሽ መኪና የሚደፍረው አልነበረም። ዛሬ ግን እስከ ናይሮቢ ድረስ አስፋልት ስለ ሆነ የመንገዱ ችግር ቀንሶ፣ ዋናው ጥንቃቄ ወደ ወረቀቱ ዞሯል።

ከኢትዮጵያ ሲወጡ

የመጀመሪያው ሥራ መኪናው ከአገር የሚወጣው ለመመለስ መሆኑን በጉምሩክ መዝገብ ማስጻፍ ነው። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ዕቃን በጊዜያዊነት ስለ ማስወጣትና ስለ ማስገባት ሥርዐት ደንግጓል። ባለመኪናው ይህን ሥርዐት ሳይፈጽም ቢወጣ፣ በተመለሰ ጊዜ መኪናው የራሱ የቆየ ንብረት መሆኑን የሚያስረዳበት ሰነድ ያጣል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። እንግዲህ ቀድሞ ቀረጥ በመክፈል ሊታረም ይችል የነበረ ጕድለት፣ ከዚያ ወዲህ መኪናውን በድንበር ላይ ሊያስቀር የሚችል ሆኗል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ዋናው መታወቂያ ሊብሬው ነው። የጉምሩክ ሹም የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያያል። ሞተሩ ተለውጦ፣ ወይም ቀለሙ ተቀይሮ ሊብሬው ሳይታረም የቆየ እንደ ሆነ፣ ይህን ማስተካከል የሚገባው ከጕዞው ብዙ ሳምንት ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ነው እንጂ በሞያሌ ኬላ አይደለም። መኪናው የድርጅት ንብረት ከሆነ የድርጅቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የሌላ ሰው ከሆነ በሕግ ፊት የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣን ያስፈልጋል። በባንክ ብድር መያዣነት የተመዘገበ መኪናም ከሆነ የባንኩን የጽሑፍ ስምምነት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ኬንያ ሲገቡ

በዓለም ላይ የግል መኪናን በጊዜያዊነት ለማስገባት የታወቀው ሰነድ ካርኔ ደ ፓሳዥ የተባለው ደብተር ነው። ይህን ደብተር የሚሰጡት የአውቶሞቢል ማኅበራት ሲሆኑ፣ ሥርዐቱም በ1946 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1954) በኒው ዮርክ በተፈረመው የጉምሩክ ስምምነት የተደገፈ ነው። የደብተሩ እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል መኪናው በገባበት ኬላ ይቀራል፤ ሁለተኛው በሚወጣበት ኬላ ይቀራል፤ ሦስተኛው ክፍል የመግቢያውንና የመውጫውን ማኅተም ይዞ ከደብተሩ ጋር ይቈያል። መኪናው ሳይመለስ ቢቀር ማኅበሩ ቀረጡን ለመክፈል ዋስ ስለ ሆነ፣ እርሱም በበኩሉ ከባለመኪናው መያዣ ይቀበላል።

ኬንያ ካርኔን ከሚቀበሉ አገሮች አንዷ ናት። ካርኔ ላልያዘ መኪና ደግሞ በጉምሩኳ በኩል የተወሰነ ቀን ያለው ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻልና ክፍያው ስንት እንደ ሆነ፣ ከመነሣት በፊት በሞያሌ የሚሠራ የታመነ ትራንዚተር መጠየቅ የነጋዴ ብልህነት ነው። በፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀንም በማስታወሻ መመዝገብ ይገባል። ጕዞው የሚራዘም ቢሆን ማራዘሚያ የሚጠየቀው ቀኑ ከማለፉ በፊት ነውና።

በዚህ ዐይነት የገባ መኪና ሊሸጥ፣ ሊከራይ፣ ወይም በዋጋ ሰውና ጭነት ሊያመላልስ አይችልም። ለወዳጅ ማዋስም ቢሆን ያለ ፈቃድ ሊደረግ አይገባም። መኪናው በአደጋ ከጥቅም ውጭ ቢሆን እንኳ ጥሎ መምጣት ዕዳውን አያስቀርም። ባለቤቱ ወዲያውኑ ለጉምሩክ አስታውቆ ቀረጡን መክፈል፣ ወይም ስብርባሪውን ለመንግሥት ማስረከብ፣ ወይም በሹም ፊት ማስወገድ እንዳለበት ስምምነቱ ያዛል።

የወረቀት ቋንቋና የዘመን አቈጣጠር

የኢትዮጵያ ሰነድ በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር ይጻፋል። ይህም በአገር ውስጥ ችግር የሌለበት ሲሆን በኬላው ማዶ ግን መዘዝ ያመጣል። የማብቂያ ዓመቱ 2019 ተብሎ የተጻፈ መንጃ ፈቃድ ወይም የመድን ወረቀት፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ለሚያነብ የኬንያ ፖሊስ ከብዙ ጊዜ በፊት ያለፈበት ሆኖ ይታየዋል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን በመንገድ ዳር ቆሞ ለማስረዳት መሞከር አድካሚ ነው። ስለዚህ ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን፣ ውክልናውንም ጨምሮ፣ በታወቀ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጕሞ፣ ቀኖቹን በሁለቱም አቈጣጠር አስጽፎና አረጋግጦ መያዝ ይሻላል። የእያንዳንዱም ወረቀት ቅጂ ከዋናው ተለይቶ በሌላ ቦርሳ ይቀመጥ።

ስለ ሰዓትም እንዲሁ ነው። የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ቢሆንም፣ በኬንያ ቢሮ በር ላይ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ 2 ሰዓት ነው። ሆኖም ስዋሂሊ ተናጋሪው ሕዝብ በቃሉ ሲነጋገር እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቈጥር፣ ቀጠሮ ሲያዝ የትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ መጠየቅ አይከፋም።

ሁለቱ ቢጫ ካርዶች

በአገር ውስጥ የተገዛ የሦስተኛ ወገን መድን ከድንበር ማዶ አያገለግልም። ለዚህ የሚያስፈልገው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለው ነው። ይህም በ1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመ ፕሮቶኮል የተመሠረተ ሲሆን፣ ካርዱን የያዘ መኪና በሌላው አባል አገር በሰው ወይም በንብረት ላይ ጕዳት ቢያደርስ በዚያው አገር ሕግ መሠረት የሦስተኛ ወገን ካሣ እንዲከፈል ያደርጋል። ኢትዮጵያና ኬንያ ሁለቱም የሥርዐቱ አባሎች ናቸው። ካርዱን መግዛት የሚቻለው ከአገር ውስጥ የመድን ኩባንያ ነው። ነገር ግን የራስን መኪና ጕዳትና ስርቆት በልዩ ውል ካልተጨመረ በቀር እንደማይሸፍን መዘንጋት የለበትም።

ሌላው ቢጫ ካርድ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል አንዱን ይዞ ሌላውን የሚረሳ መንገደኛ ይኖራል። ክትባቱ ከመግባት በፊት ቢያንስ በ10 ቀን መወሰድ ስላለበት በመጨረሻው ሳምንት የሚታሰብ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ የተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

መንገዱና የጕዞው ቀኖች

ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ 775 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢም ከዚህ ጋር የተቀራረበ ርቀት ስላለ ጕዞው በጠቅላላው 1,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን በሁለት ቀን ለመጨረስ መሽቀዳደም መኪናውንም ነጂውንም ይጐዳል። በአራት ቀን ከፍሎ መጓዝ የተሻለ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በሞጆ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ አልፎ ዲላ ማደር ይቻላል። በሁለተኛው ቀን በይርጋ ጨፌ፣ በሐገረ ማርያምና በያቤሎ አልፎ ሞያሌ ይደረሳል። ሞያሌ ከመሸ የደረሰ ሰው እዚያው አድሮ፣ ኬላውን በማለዳ ቢሻገር ይመረጣል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ የሁለቱን አገሮች ሹሞች በአንድ ስፍራ ስላገናኘ ሥራው ከቀድሞው ይልቅ ቀልጥፏል። ቢሆንም አንድ ወረቀት የጐደለበት ሰው ለማሟላት የሥራ ሰዓት ሊተርፈው ይገባል።

በሦስተኛው ቀን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ማርሳቢት ይታደራል። ይህ ምድር ደረቅና ሰው የራቀው ስለ ሆነ ነዳጅ ከሞያሌ ሞልቶ መነሣት፣ በቂ የመጠጥ ውሃና ቢቻል ሁለት ትርፍ ጎማ መያዝ ያሻል። በአራተኛው ቀን በኢሲዮሎ አልፎ፣ የኬንያን ተራራ እያዩ የምድር ወገብ መሥመር በሚያልፍበት በናንዩኪ በኩል ናይሮቢ ይገባል። በሁለቱም አገር በኩል ስለ መንገዱ ጸጥታ ከየስፍራው አስተዳደርና ከከባድ መኪና ነጂዎች በየቀኑ መጠየቅ፣ ሌሊትም አለመንዳት ግዴታ ተደርጎ ሊቈጠር ይገባል።

ስለ ግራና ቀኝ

በኢትዮጵያ የሚነዳው በቀኝ፣ በኬንያ ግን በግራ ነው። ነጂው ኬላውን እንደ ተሻገረ በነቃ ዓይን ስለሚሄድ አደጋው የሚያሰጋው በዚያ ሰዓት አይደለም። የሚያሰጋው በማግሥቱ ማለዳ ከሆቴል ግቢ ወይም ከነዳጅ ማደያ ወደ ባዶ መንገድ ሲወጣ፣ እጁ በልማድ ወደ ቀኝ የሳበው እንደ ሆነ ነው። በአደባባይም መኪናዎች የሚዞሩት በሰዓት እጅ አቅጣጫ ሲሆን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለ ሆነ፣ በፊቱ ከባድ መኪና ሲኖር ነጂው ከማዶ የሚመጣውን ማየት አይችልም። ስለዚህ ለመቅደም መቸኰል አይገባም፤ በጐኑ የተቀመጠው ሰው ዓይን ሊሆነው ያስፈልጋል። መሪው በግራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከኋላ መለጠፍ፣ ሁለት የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን መያዝም ከመንገድ ፖሊስ ክርክር ያድናል።

ገንዘብና ሸቀጥ

ብርም ሆነ የውጭ ገንዘብ ይዞ ስለ መውጣት የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ወሰን አለው። መመሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል ከመነሣት በፊት ባለው ሳምንት ከባንክ መጠየቅ ይገባል። በኬንያ ግን ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለሸቀጥ ነው። የግል መኪና በጊዜያዊነት የገባው ለባለቤቱ መጓጓዣ ነው እንጂ ለጭነት አይደለም። የቡና ናሙና ለደንበኛ ማሳየት የሚሻ ላኪ በጥቂቱ፣ ለሽያጭ አለመሆኑን ከሚገልጽ ደብዳቤና ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጋር ይያዝ። በመመለሻም ጊዜ ለሱቅ የሚሆን ዕቃ በመኪናው ኋላ ጭኖ የሚመጣ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም ለጥያቄ ያጋልጣል። ለንግድ የሚመጣ ዕቃ በንግድ ሥርዐት ይምጣ።

የመመለሻው ማኅተም

ከሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው የመመለሻው ሰዓት ነው። መንገደኛ ሲሄድ ይጠነቀቃል፤ ሲመለስ ግን ወደ ቤቱ ስለሚቸኵል ይዘናጋል። የኬንያን መውጫ ማኅተም ሳያስመታ ያለፈ ሰው መኪናው በግቢው ቆሞ ሳለ በኬንያ መዝገብ ግን እዚያው እንደ ቀረ ይቈጠራል። ከወራት በኋላም የቀረጥ ጥያቄ ወደ ዋሱ ይመጣል፤ ዋሱም መያዣውን ይዞ ያስቀራል። እንዲሁም በኢትዮጵያ በኩል የጊዜያዊ መውጫው ፋይል ካልተዘጋ ያስያዘው ዋስትና አይለቀቅለትም። ስለዚህ ባለመኪናው ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገሮች በእጁ መኖራቸውን በዓይኑ ይመልከት፤ እነርሱም የኬንያ የመውጫ ማኅተምና የኢትዮጵያ የመመለሻ ማረጋገጫ ናቸው።

የዝግጅቱ ቅደም ተከተልም ከዚህ ይታወቃል። ከሁለት ወር በፊት ሊብሬውና ውክልናው ይመርመር። ከአንድ ወር በፊት ትርጕሙ፣ ክትባቱና የጉምሩኩ ጉዳይ ይጀመር። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢጫ ካርዱ ይገዛ፤ መኪናውም ጋራዥ ይግባ። ሸቀጡን በዚህ ዐይነት ሥርዐት አሳልፎ የሚያውቅ ነጋዴ ለመኪናውም ይህንኑ ቢያደርግ ኬላው አያስፈራውም፤ የወጣበትንም ጉዳይ ፈጽሞ ከነመኪናው በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል።