በቺፕ ላይ የተነጠፈው ኮይል

ጆሮ ላይ የሚሰካው ገመድ አልባ ማዳመጫ ከስልኩ የተላከለትን ሙዚቃ እንዲያሰማ፣ በውስጡ ያለው ቺፕ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ ሲግናል ራሱ ማመንጨት አለበት። አመንጪው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል። ተቀባዩ ከአንቴና የመጣውን ሞገድ ከዚህ ሲግናል ጋር ያቀላቅላል፤ ልዩነታቸው ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ይወጣል፤ መልእክቱም የሚነበበው ከዚያ ነው። የዚህ ዘዴ ሥር እ.ኤ.አ. በ1918 ኤድዊን አርምስትሮንግ ፓሪስ ሳለ ያፈለቀው የሱፐርሄትሮዳይን ሐሳብ ነው።

የኦሲሌተሩ ዋና አካል አንድ ኮይልና አንድ ካፓሲተር ናቸው። ጉልበት በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። የኮይሉ ብረትና ከሥሩ ያለው ሲልከን ግን በየዙሩ ጥቂቱን ይበሉታል፤ ስለዚህ መወዛወዙ ገፊ እንደሌለው ዥዋዥዌ ወዲያው ይቆማል። የሚገፉት ትራንዚስተሮች ናቸው፤ ለዚህም ከባትሪው ከረንት ይወስዳሉ።

ችግሩ ትራንዚስተሮቹ ሲገፉ የራሳቸውን ኖይዝ መጨመራቸው ነው። መወዛወዙ አንዴ በጥቂቱ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ይህ ፌዝ ኖይዝ ነው፤ የኦሲሌተሩ ኃይል በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ረግቶ መቆሙ ቀርቶ ወደ ጎን ይፈስሳል። አጠገብ ያለ ዋይፋይ በጉልበት ሲያስተላልፍ፣ የፈሰሰው ኃይል ከዋይፋዩ ጋር ተቀላቅሎ በደካማው የሙዚቃ ሲግናል ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ የአንቴናውን ማጉያ የቱንም ያህል ቢያሻሽሉት ፋይዳ የለውም፤ ጥፋቱ ከኦሲሌተሩ ነውና።

ታዲያ በምን ይቀነሳል? ዴቪድ ሊሰን በ1966 ያወጣው ቀመር መልሱን በግልጽ ያሳያል። ኃይሉን እጥፍ ብናደርገው ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል፤ የኮይሉን ጥራት (ከያዘው ጉልበት በየዙሩ የሚያባክነው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚለካበትን ቁጥር) እጥፍ ብናደርገው ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ትንሽ ባትሪ ላለው መሣሪያ የሚያዋጣው ሁለተኛው መንገድ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በሲልከን ላይ የተነጠፈ ኮይል ጥራቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ነው፤ መወዛወዝን ለማመንጨት የሚያገለግለው የኳርትዝ ክሪስታል ጥራት ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ኳርትዙ አብዛኛውን ጊዜ በአሥራዎቹ ሜጋ ኸርዝ ስለሚሠራ፣ ቺፑ ለማመሳከሪያነት ብቻ ይጠቀምበታል።

ትራንዚስተሩ የሚገፋበት ቅጽበትም ዋጋ አለው። ተመራማሪዎቹ ሐጂሚሪና ቶማስ ሊ በ1998 እንዳሳዩት፣ ቮልቴጁ ጫፍ ላይ በደረሰበት ቅጽበት የገባ ኖይዝ የመወዛወዙን ስፋት ብቻ ይነካል፤ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቅጽበት የገባው ግን ጊዜውን ያዛባል። ማዛንቲና አንድሬያኒ በ2008 ያቀረቡት ክላስ ሲ ኦሲሌተር ትራንዚስተሩን ጫፉ አካባቢ ብቻ፣ በአጭር ግፊት ያሠራዋል፤ ያንኑ የኖይዝ ደረጃ ባነሰ ከረንት ማግኘት ተቻለ። በዚህ ዘርፍ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ለእኔ እጅግ የሚያምረው ይህ ነው።

ኮይሉ ግን አሁንም ቦታውን አልለቀቀም። ከሲልከኑ እንዲርቅና ብረቱም እንዲወፍር ሲባል በቺፑ የላይኛው ንጣፍ ላይ ይሠራል። ትራንዚስተር በየትውልዱ ሲያንስ እሱ አያንስም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች የሚያርፉበትን ስፍራ ብቻውን ይዞ ይቀመጣል።