ፊት ለፊት ያልተገናኙ መድኃኒቶች እንዴት ይነጻጸራሉ?
ሐኪም «ከእነዚህ መድኃኒቶች የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ምርምሩ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሙከራ አዲሱን መድኃኒት ከፕላሴቦ ጋር እንጂ ከተፎካካሪው ጋር አያነጻጽርም። የብዙ ሙከራዎችን ውጤት አጣምሮ የሚያነጻጽረው ኔትወርክ ሜታ አናሊሲስ የተባለው ዘዴ ክፍተቱን የሚሞላው በጋራ ማነጻጸሪያው፣ እዚህ በፕላሴቦ፣ በኩል ነው። «ሀ» ፕላሴቦን በ4 ነጥብ፣ «ለ» ደግሞ በ3 ነጥብ ቢበልጡ፣ የሁለቱ ልዩነት 1 ነጥብ ነው። የግምቶቹ እርግጠኛ አለመሆን ግን አይቀናነስም፤ ይደመራል፤ የሚደመሩት የስህተቶቹ ካሬዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ግምት መደበኛ ስህተት 1 ከሆነ፣ የልዩነቱ 1.4 ገደማ ይሆናል። ያቺ 1 ነጥብ ብቻዋን ማንንም አሸናፊ አታደርግም።

«በተለያየ አገርና ዘመን የተጠኑ ሕሙማን እንዴት ይነጻጸራሉ?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። በጥሬው ቢነጻጸሩ ኖሮ ትልቅ ስህተት ነበር። ዘዴው ግን በየሙከራው ውስጥ በዕጣ የተመደቡትን ቡድኖች ልዩነት ጠብቆ ነው የሚሠራው። አደጋው የሚመጣው የመድኃኒቱን ውጤት የሚለውጥ ነገር፣ ለምሳሌ የሕመሙ ክብደት፣ ከሙከራ ሙከራ ሲለያይ ነው፤ ስለዚህ ቀጥተኛና ተዘዋዋሪ ማስረጃ ሁለቱም ባሉበት፣ መስማማታቸውን መፈተሽ ግዴታ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘ ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በዚህ ዘዴ 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሰዎችን ይዞ 21 የድብርት መድኃኒቶችን አነጻጽሯል። በውጤታማነት ሁሉም ፕላሴቦን በልጠዋል፤ አሚትሪፕቲሊን ከፊት ነበር። ሕክምናውን ያቋረጡ ሰዎች ሲቆጠሩ ግን ከፕላሴቦ ያነሰ ማቋረጥ የታየው በአጎሜላቲንና በፍሎክሰቲን ብቻ ነው። የደረጃ ሰንጠረዡን አንደኛ ስም ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ይህ ያመልጠዋል፤ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚውጠው ግን ታካሚው ነው።