የበረት አቧራና የሳንባ ቧንቧ

ገበሬዎች ሆይ! በጉራጌ ምድር ከብትና ሰው በአንድ ጎጆ ማደራቸው የቆየ ልማድ ነው። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ልጅ የሚያሳድግ ገበሬ ሁሉ የበረት አቧራ ለልጅ ሳንባ ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል።

አስም ያለበት ሰው የሳንባ ቧንቧው ቶሎ ይቆጣል። ጢስ፥ አቧራ ወይም ብርድ ሲነካው በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ መተላለፊያው ይጠባል፤ ትንፋሹም ሲር ሲር ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የጀርመን ተመራማሪዎች ከላም በረት ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ለይተው በአይጦች አፍንጫ ሰጡ። እነዚህ አይጦች በኋላ አለርጂ የሚያስነሣ ነገር ሲሰጣቸው፥ ሳንባቸው ባክቴሪያ ካላገኙት አይጦች ይልቅ ያነሰ ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአሜሪካ የሁለት ገበሬ ማኅበረሰቦች የቤት አቧራ ተፈተነ። አሚሾች በፈረስ ያርሳሉ፤ ላሞቻቸውም በቤታቸው አጠገብ ናቸው። ሁተራይቶች ግን በመኪና ያርሳሉ፤ ከብቶቻቸውም ከመኖሪያቸው ርቀው ይኖራሉ። አስም በአሚሽ ልጆች ላይ እጅግ ያነሰ ነበር። የአሚሾች አቧራ በአፍንጫቸው የተሰጣቸው አይጦች ቧንቧቸው ከመጥበብ ሲድን፥ የሁተራይቶች አቧራ ግን አላዳናቸውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ክትባት ሰውነት ጠላቱን እንዲያውቅ ያስተምራል። የበረት ባክቴሪያ ደግሞ በልጅነት ሲለመድ፥ ሰውነት ጠላት ያልሆነውን እንዲታገሥ የሚያስተምር ይመስላል።

ይሁን እንጂ በገጠር መኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በቡታጅራ ከ1997 እስከ 1998 ዓ.ም. 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዝግበው የልጆቻቸው ጤና ለዓመታት ተጠንቷል፤ ከነዚህም መካከል ትንፋሻቸው ሲር ሲር የሚል የገጠር ልጆች ተገኝተዋል። ደግሞም የላቦራቶሪ አይጥ የሚያገኘው የተመረጠና የተመጠነ ነገር ነው። በጎጆ ውስጥ ግን ከአቧራው ጋር ጢስ፥ የሽንት ሽታና ከከብት የሚተላለፍ የሳንባ ነቀርሳ አሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ፦

1ኛ. አቧራም ሆነ እበት የአስም መድኃኒት ነው ብላችሁ ልጅን አታሽትቱ።

2ኛ. የከብቱን ማደሪያ ከመኝታና ከምድጃ በግድግዳ ለዩ፤ እበቱንም በየጠዋቱ ጥረጉ።

3ኛ. ጢስ የሚወጣበት መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃን ከምድጃ አጠገብ አይተኛ።

4ኛ. ወተት አፍልታችሁ ጠጡ፤ የሚያስልና የሚከሳ ከብት ሲኖር ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

5ኛ. ትንፋሽ የሚያጥረውን ልጅ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

የልማት ሠራተኞችም ይህን ስታስረዱ ሁለቱን ነገር አትለያዩ፦ ልጅ በቀን ከጥጃና ከበግ ጋር መዋሉ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሌሊት በጢስና በእበት መካከል ማደሩ ግን ሊቀር ይገባል።