የልብስ ሰፊው ብርሃን፦ ውድ አምፖል ከመግዛት በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ደብረ ማርቆስ፦ ነሐሴ ለልብስ ሰፊዎች የጥድፊያ ወር ነው። የእንቁጣጣሽ ልብስ ይሰፋል፤ የትምህርት ቤት መከፈቻ ሲቃረብ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ይከመራል። በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በሉማሜ፣ በቢቸናና በደጀን ገበያዎች ጨርቅ ገዝቶ ለሰፊ የሚሰጠው አርሶ አደርም ልብሱ ለበዓሉ እንዲደርስለት ቀን ይቆርጣል።

ሥራ የሚበዛበት ይህ ወር ግን ብርሃን የሚያንስበት ወርም ነው። ደመናው ቀኑን ያጨልመዋል፤ ዝናቡ በጨርቃ ጨርቅ ሱቆች በረንዳ ላይ የነበረውን የስፌት መኪና ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በእግር የሚመታው መኪና ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሰፊው ዓይን ግን ያለ ብርሃን አይሠራም። ማታ በደብዛዛ አምፖል ሥር ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በጥቁር ክር ይሰፋና ስህተቱ በማግስቱ ደጅ ላይ ይታያል። ስፌቱን መፍታትና እንደገና መስፋት ጊዜ ይወስዳል፤ ጨርቁ ከተበላሸም ኪሳራው የሰፊው ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብሎ በዓለም ገበያ በስፋት የሚተዋወቀው “ሙሉ ስፔክትረም” የሚባለው መብራት ነው። ቀለምን እንደ ፀሐይ እንደሚያሳይ፣ ዓይንን እንደሚያሳርፍና ስሜትን እንደሚያነቃቃ ይነገርለታል። ከተነገረለት ውስጥ የትኛው እውነት እንደሆነ መለየት ገንዘብንም ዓይንንም ያድናል።

ቀለም የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ከዝናብ በኋላ የሚወጣው ቀስተ ደመና የፀሐይ ብርሃን ከምን እንደተሠራ ያሳያል። ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያሉት ቀለሞች ሁሉ በውስጡ አሉ። ጨርቅ ቀይ ሆኖ የሚታየው ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ ቀዩን መልሶ ስለሚልክ ነው። ብርሃኑ ራሱ ቀይ ከሌለው ወይም ካነሰው ጨርቁ የሚመልሰው ነገር አይኖረውም፤ ደብዝዞ ይታያል።

በአሁኑ ወቅት በየቤቱ የሚገኘው የኤልኢዲ አምፖል የተገኘው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ ከተሠራ በኋላ ነው። ለዚህ ሥራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.አ.አ በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አምፖሉ ነጭ የሚሆነው ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉ በልዩ ቅብ አማካኝነት ወደ ሌሎች ቀለሞች ስለሚለወጥ ነው። ርካሽ በሆኑት አምፖሎች ውስጥ ሰማያዊው ይበዛል፣ ቀዩ ያንሳል። ሙሉ ስፔክትረም የሚባለው ይህን ጉድለት ለመሙላት የተሠራ ነው።

አንድ መብራት ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግረው ሲአርአይ የሚባል መለኪያ ነው። ከፍተኛው 100 ነው። የተለመደው ኤልኢዲ 80 ገደማ ሲሆን ክርና ጨርቅ ለሚያመሳስል ሰው 90 እና ከዚያ በላይ ይመረጣል። በአንዳንድ አምፖሎች ላይ ይህ በሦስት አኃዝ ይጻፋል። 865 ቢል 8 ቁጥሩ ሲአርአዩ 80ዎቹ ውስጥ መሆኑን፣ 65 ደግሞ የብርሃኑ መልክ 6 ሺህ 500 ኬልቪን መሆኑን ያመለክታል። 950 ቢል ሲአርአዩ ከ90 በላይ፣ መልኩ 5 ሺህ ኬልቪን ነው። ካርቶኑ ላይ “ዴይላይት” የሚል ጽሑፍ ብቻውን ሲታይ ሸማቹ ሊጠነቀቅ ይገባል። ቃሉ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ መሆኑን እንጂ ቀለምን በትክክል ማሳየቱን አይናገርም።

ከጥራቱ በፊት መጠኑ

ጥሩ ብርሃን እንኳ ካነሰ አይጠቅምም። በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሉክስ ይለካል። የአውሮፓ የሥራ ቦታዎች የመብራት ደረጃ ለስፌት 750 ሉክስ፣ ለጨርቅ ቀለም ፍተሻ 1 ሺህ ሉክስ ይጠይቃል። ደመናማ በሆነ ቀን እንኳ ደጅ ላይ ብዙ ሺህ ሉክስ ይገኛል። ጣሪያ ላይ በተሰቀለ አንድ አምፖል ሥር ግን ከመቶ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። ሰፊዎች በረንዳ የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ይገኛል።

እዚህ ላይ ዋጋ የማይጠይቅ ሕግ አለ። ከአምፖል የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ አራት እጥፍ ይሆናል። ከሥራው 2 ሜትር ርቆ የተሰቀለ አምፖል ወደ ግማሽ ሜትር ቢቀርብ በቀጥታ የሚያርፈው ብርሃን 16 እጥፍ ይደርሳል። አንድ ተራ አምፖል ከመርፌው አጠገብ መሆኑ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ውድ አምፖል ሊበልጥ ይችላል።

ስሜትና እንቅልፍ

ብርሃን ለማየት ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። በዓይን ውስጥ ለሰማያዊ ብርሃን የሚነቁና የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክሉ ሕዋሳት አሉ። ቀን በቂ ብርሃን ሲያገኙ ሰው ይነቃል፤ ማታ ሲጨልም እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይመነጫል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የክረምት ጨለማ ለሚያመጣው ድብርት ሐኪሞች በየጠዋቱ 10 ሺህ ሉክስ የሚደርስ ብርሃን ያዛሉ።

በደብረ ማርቆስ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎጃም ሰፊ የሚጎድለው ፀሐይ ሳይሆን ከቤት መውጫ ጊዜ ነው። ቀኑን በጨለማ ክፍል፣ ሌሊቱን በደማቅ ነጭ መብራት ሥር የሚያሳልፍ ሰው የሰውነቱን ሰዓት ይገለብጣል፤ እንቅልፉ ይረበሻል። ሙሉ ስፔክትረም የተባለው መብራት እኩል ድምቀት ካለው ሌላ መብራት በተለየ ስሜትን እንደሚያሻሽል ግን ጥናቶች አላረጋገጡም። ጥቅሙ በዋናነት ቀለምን በማሳየቱ ላይ ነው።

መብራት የማይፈታው

ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት ለሁሉም ሰው እያስቸገረ ይሄዳል። መርፌ ክር አልገባ ሲል ብዙዎች መብራቱን ይወቅሳሉ። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚገባው አንድ ሦስተኛው ገደማ በመሆኑ ብርሃን መጨመር ያግዛል፤ የንባብ መነጽርን ግን አይተካም። በሕንድ አሳም ግዛት 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.አ.አ በ2018 የታተመ ጥናት፣ የቅርብ ማያ መነጽር የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ምርታቸው ወደ 22 በመቶ ብልጫ እንዳሳየ አመልክቷል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የአማራ ክልል ትራኮማ በስፋት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ዓይን የሚቆረቁር፣ የሚያለቅስ፣ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን የሚፍቅ ከሆነ ምክንያቱ የአምፖል ጉድለት አይደለም። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

መጀመሪያ መኪናውን ወደ በር ወይም ወደ መስኮት ማቅረብ ይገባል። በቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው ብርሃኑ ከግራ ቢመጣ የእጁ ጥላ መርፌው ላይ አያርፍም። ግድግዳን ነጭ መቀባት ያለውን ብርሃን ያበዛዋል። በጣሪያ ላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ መጨመር ለጨለማ ክፍል ትልቅ ለውጥ ነው።

ቀጥሎ ክርና ጨርቅ የማመሳሰሉን ሥራ በቀን፣ ደጅ ወጥቶ መጨረስ ነው። ለማታ የቁልፍ መትከልና የመሳሰለውን ማቆየት ይቻላል። አምፖል ሲገዛ አብርቶ በስልክ ካሜራ ማየት ጥሩ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተንቀሳቀሱ መብራቱ ይርገበገባል ማለት ነው፤ ይህም ለአንዳንድ ሰዎች የራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል። መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት ከኩራዝ ይሻላል፤ ጭስም የለው፣ ጨርቅም አያቃጥል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ራቅ ያለ ነገር መመልከት ዓይንን ያሳርፋል።

ገንዘብ ከተረፈ ሲአርአዩ ከ90 በላይ የሆነ አንድ አምፖል ገዝቶ መርፌው አጠገብ ማድረግ ይበቃል፤ ክፍሉን በሙሉ መለወጥ አያስፈልግም። ልብስ የሚያሰፋው ሰውም ድርሻ አለው። ጨርቁን ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሚያመጣ በሐምሌ ቢያመጣ፣ ሰፊው በቀን ብርሃን ይሠራለታል።