መኪናው «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ማዘጋጃ ቤት ባለው መንገድ ዳር የታወቀ ትርኢት አለ። አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ በመነሣት ፈንታ «ቀጭ» ይላል። ወዲያው መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ባትሪው ሞቷል» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ሞተሪኖው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ለመግፋት እጅጌውን ይሰበስባል። ባለመኪናውም ከደመወዙ ቆርጦ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሳምንት ሳይሞላው ያው «ቀጭ» ይመለሳል።

ለመሆኑ ይህ ድምፅ ምንድን ነው? ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ (ይህም ስም፣ ማርሽም፣ ፍሪሲዮንም፣ ፒያሳ ራሷም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው) በላዩ የመግነጢስ ማብሪያ አለው። ቁልፉ ሲዞር በቀጭን ሽቦ የሚመጣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ማብሪያውን ይስበዋል፤ ማብሪያውም ወፍራሞቹን መዳቦች አገናኝቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 አምፔር የሚበልጥ ኃይል ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው ይለቃል። «ቀጭ» የሚለው ይኸው ማብሪያ ነው። እንግዲህ ድምፁ ከተሰማ ትንሹ ኃይል ደርሷል፤ የቀረው ትልቁ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ነዳጅ አለቀ፣ ካንዴላ ተበላሸ እያሉ መድከም ከንቱ ነው።

የድምፁ ዓይነትም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ የሚንጣጣ ከሆነ፣ ማብሪያው እንደ ተሳበ የባትሪው ኃይል ስለሚወድቅ ይለቀዋል፤ ባትሪው ጥቂት አገግሞ እንደ ገና ይስበዋል። ይህ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ማሰሪያ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር አድርጎ ዝም ካለ ግን የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ይበጃል። መብራቱ ፈዝዞ ሊጠፋ ከደረሰ፣ አስቀድሞ ባትሪውንና ማሰሪያውን መመርመር ነው። ብርሃኑ ሳይቀንስ ከቆየ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው አልገባም፤ የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል፣ ወይም መዳቦቹ ተቃጥለዋል፣ ወይም ወፍራሙ ገመድ ተበላሽቷል።

ብዙ ጊዜ በሽታው ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ ይገኛል፤ ትንሹ ኃይል በዚያ ሾልኮ ያልፋል፣ ትልቁ ግን አያልፍም። አስቀድሞ የነጌቲቩን ማሰሪያ ፈትቶ፣ ሁለቱንም በሙቅ ውኃና በሶዳ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ነጌቲቩን በመጨረሻ አጥብቆ ማሰር ነው። ወጪው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም።

የቮልት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ከማንም ጋር አይከራከርም። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ተነሥቶ እያለ ወደ 14 ቮልት ካልደረሰ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም፤ እንዲህ ከሆነ አዲስ የተገዛውም ባትሪ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሞታል። ዲናሞው ደኅና ቢሆን እንኳ፣ ከአራዳ አራት ኪሎ ብቻ የሚመላለስ መኪና ለመነሣት ያወጣውን ኃይል መልሶ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም።

እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞት የመጣው አውቶሞቢል ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቅም ነበር፤ በዚያ ዘመን ሞተር የሚነሣው በክንድ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ ላይ የተገጠመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ነው።

በአራዳ ግን ሦስተኛ መላ አለ፤ እርሱም ቁልቁለቱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳ መልክ ብዙ ቢለወጥም ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና እንዳለ ነው። ቁልፉን ከፍቶ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ መኪናው ሲንደረደር መልቀቅ ነው። ነገር ግን ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪና በዚህ መንገድ አይነሣም፤ ሞተሩም እስኪነሣ ድረስ ፍሬኑና መሪው እጅግ ይከብዳሉ። ቁልፉ ከተዘጋ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ገፊዎቹ ከመግፋታቸው በፊት ነጂው ቁልፉ መከፈቱን ይይ፣ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሮ ይሞክር፣ ከፊቱ ሰው በሚያቋርጥበት ሰዓትም አይሞክረው።