ለ7,000 ሜጋባይት ከመክፈልዎ በፊት

እዚህ ጁባ፣ ሸሪካት ሰፈር ምግብ ቤት ያላት አንዲት የአገሬ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ ከፍቼው ቡና አፍልቼ እስክመለስ አይነሳም» አለችኝ። ስልኳ ላይ በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት የሚያነብ ኤስኤስዲ አሳየችኝና «ከካምፓላ በኒሙሌ በኩል ላስመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥራዋ የቀን ሽያጭ በኤክሴል መመዝገብ፣ ደረሰኝ ማተምና ማታ ከልጆቿ ጋር በቪዲዮ ማውራት ነው።

ስከፍተው ያገኘሁት የድሮውን ሀርድ ዲስክ ነው። ሀርድ ዲስክ አንድ ፋይል ለማግኘት ክንዱን ማንቀሳቀስና ሳህኑ እስኪዞር መጠበቅ አለበት፤ አንዱ ፍለጋ 10 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይለቃቅማል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ያንኑ ፍለጋ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይጨርሰዋል። እፎይታው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ለዚህም በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ የሚያነበው ሳታ በተባለው መግቢያ የሚሰካው ተራው ኤስኤስዲ ይበቃል።

7,000 የሚባለው ፍጥነት የሚታየው ትልልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ነው። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ይጠቀምበታል፤ ኤክሴል ለሚከፍት ሰው ግን ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ አያልፍም። የእሷ ላፕቶፕ ደግሞ የሳታ መግቢያ ብቻ ስላለው ሌላ መግቢያ የሚፈልገው ያ ፈጣን ኤስኤስዲ ከነጭራሹ አይገባለትም።

እዚህ ጁባ ሌላም ነገር አለ። ፈጣኖቹ ሲሠሩ ይግላሉ፤ ከመጠን በላይ ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በየካቲትና በመጋቢት ሐሩር ይህን ማሰብ ይገባል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ድርግም ይላል፤ እየተጻፈ የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ሀርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ በድምፅ ያስጠነቅቃል፤ ኤስኤስዲ ግን ሳይታሰብ ጸጥ ሊል ይችላል፤ ያኔ ውስጡ ያለውን ማውጣት ከባድ ነው።

ስለዚህ «እህቴ፣ ተራውን ግዢ፤ በተረፈው ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት እናሳድግ፣ ለመጠባበቂያም የውጭ ዲስክ ያዢ» አልኳት። ተስማማች። ሀርድ ዲስኩን ከመንቀሌ በፊት የሦስት ዓመት ሂሳቧን ወደ ውጭው ዲስክ ገለበጥኩ። አሁን ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤቱን ስትዘጋ የሳምንቱን ሂሳብ ራሷ ትገለብጣለች። ላፕቶፗ በመፍጠኑ ደስ ብሎኛል፤ በሰላም እንድተኛ ያደረገኝ ግን ያ ሁለተኛው ቅጂ ነው።