ፕላኔቶች ለምን ክብ ሆኑ?

ፕላኔት ሁሉ ድንቡልቡል ነው። በፀሐይ ዙሪያ የሚሽከረከሩት ስምንቱም፣ ከትንሿ ሜርኩሪ እስከ ግዙፉ ጁፒተር፣ የሉል ቅርጽ አላቸው። ማርስን የምትዞረው ፎቦስ የተባለች ጨረቃ ግን ድንች ትመስላለች፤ በረጅሙ በኩል ስትለካ 27 ኪሎ ሜትር፣ በአጭሩ በኩል 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።

የቅርጹ ምንጭ የስበት ኃይል ነው። ስበት ቁስ አካልን ከየአቅጣጫው ወደ መሐል ይጎትታል። ጉብታው ይጫናል፣ ጎድጓዳው ይሞላል፤ ሁሉም አቅሙ በፈቀደው መጠን ወደ መሐል ሲጠጋ የሚገኘው ቅርጽ ሉል ነው። ድንጋይ ግን ጠንካራ ስለሆነ ይህን ግፊት ይቋቋማል። አንድ ጠጠር የራሱ ስበት ኢምንት በመሆኑ እንደተፈለጠ ይኖራል። አካሉ እየገዘፈ ሲሄድ የላዩ ክብደት የታቹን ድንጋይ ያሸንፈዋል፤ ውስጡ በሙቀት የለሰለሰ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ በረጅም ዘመን እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ጁፒተርንና ሳተርንን የመሰሉት በአመዛኙ ጋዝና ፈሳሽ ስለሆኑ ስበቱን የሚቋቋም ጥንካሬ የላቸውም።

አንድ አካል ክብ መሆን የሚጀምርበት የግዝፈት ወሰን እንደ ስሪቱ ይለያያል። በረዶ ከድንጋይ ይልቅ በቀላሉ ስለሚሸነፍ፣ በአብዛኛው በረዶ የሆነችው የሳተርን ጨረቃ ሚማስ በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ክብ ናት። ፀሐይን የምትዞረው ድንጋያማ አስትሮይድ ቬስታ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም ክብነቷ የተሟላ አይደለም፤ በደቡብ ዋልታዋ በግጭት የተፈጠረ 500 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ አለ። ሌላዋ ፀሐይን የምትዞር አካል፣ 940 ኪሎ ሜትር የምትደርሰው ሴሬስ ግን ክብ ናት።

ስበት የተራሮችንም ቁመት ይወስናል። በማርስ ላይ ያለው ስበት የመሬትን 38 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ኦሊምፐስ የተባለው እሳተ ገሞራ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። የመሬት ኤቨረስት ግን 8,849 ሜትር ነው፤ መሬት አንድ ሜትር ስፋት ባለው ኳስ ብትመሰል ኤቨረስት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ፍጹም ሉል የሆነ ፕላኔት ግን የለም። መሽከርከር ወገቡን ወደ ውጭ ይገፋል። የመሬት ዲያሜትር በወገቧ በኩል ከዋልታ ወደ ዋልታ ካለው በ43 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በአሥር ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር የሚሽከረከረው ሳተርን ላይ ልዩነቱ ከ11,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2006 ለፕላኔት ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ ይኸው በራስ ስበት ክብ መሆን ነው። ሴሬስ ይህን ብታሟላም ምሕዋሯን ከሌሎች አካላት ስላላጸዳች ድንክ ፕላኔት ተብላለች።